ከግድግዳው በፊት ጥላው፦ የአራዳን አሮጌ ቤት በውሃ ቀለም መሣል

አሮጌ ቤት ፊት የውሃ ቀለም ይዞ የሚቀመጥ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። የተላጠው ኖራ፣ የዛገው ቆርቆሮ፣ የተንጋደደው በረንዳ ይስበዋል፤ እጁም ዓይኑን ተከትሎ እነሱን መልቀም ይጀምራል። ሁለት ሰዓት ተደክሞበት የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ቡናማ የሆነ፣ ፀሐይ ያልነካው ቤት ነው። በውሃ ቀለም ውስጥ ፀሐይ የሚባል ቀለም የለም። ፀሐዩ ሳይነካ የቀረው ወረቀት ነው፤ የሚቀባው ጥላው ነው። ጥላው በቦታው፣ በአንድ ትንፋሽና በልኩ ጠቁሮ ካረፈ፣ ግድግዳው ላይ ምንም ባይሠራበት እንኳ ፀሐይ ይወጣበታል። ጥላው ከተበላሸ ግን እያንዳንዱን ጣውላ ቆጥረው ቢሥሉለትም አይድንም።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ቤት ነው። በምኒልክ ዘመን ማብቂያና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት አሥርት ዓመታት፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ካለባቸው ቤቶች ጋር አብሮ አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው ዓይነት፤ ከሥር የድንጋይ መሠረት፣ ከዚያ በላይ ቋሚና ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ፣ ፊት ለፊት የእንጨት በረንዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በ1898 ዓ.ም. እንደተሠራ የሚነገርለት ጣይቱ ሆቴል የዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምስክር ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤትም አለ። ፒያሳ ውስጥ የነበሩት ስም የሌላቸው ብዙዎቹ ግን በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ስለዚህ «ሌላ ቀን እሥለዋለሁ» ማለት ለዚህ ዓይነቱ ቤት አይሠራም።

ወንበር ከመዘርጋት በፊት የሚጠየቀው ግድግዳው ወዴት ያያል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስላለች፣ እዚህ ፀሐይ የምትሄድበት መንገድ ከአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት ምክር ጋር አይገጥምም። እነሱ «የሰሜን ብርሃን» ሲሉ ዓመቱን ሙሉ የማይለዋወጥ ለስላሳ ብርሃን ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ ይህ የሚሠራው ለግማሽ ዓመት ብቻ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል የሰሜን ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ከመውጫዋ እስከ መግቢያዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ የደቡብ ግድግዳም ቀኑን ሙሉ ጥላ ይሆናል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሰኔ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ያህል። ለሰኔው እኩለ ቀን ብዙ ጊዜ ደመናው መልስ ይሰጣል።

በጥላ የሚጫወት ሥዕል ለሚፈልግ ምርጡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ክፈፉ 1 ሜትር የወጣ ቤት እንውሰድ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የክፈፉ ጥላ ግድግዳው ላይ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ 1 ሜትር ይሆናል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 1 ሜትር ከ70 ደርሶ የመስኮቱን ግማሽ ይውጣል። ሥዕሉን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሮ ጥላውን 4 ሰዓት ተኩል ላይ የሚቀባ ሰው የሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ብርሃን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጧል ማለት ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን አይነግረውም፤ «የሆነ ነገር አልገጠመም» ብሎ ግን ያልፋል።

መድኃኒቱ እርሳስ ነው። ንድፉ እንዳለቀ የጥላው ጠርዝ በሙሉ፣ ከክፈፉ እስከ ደረጃው፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ በቀጭን መስመር ይወሰድና ሰዓቱ ጥግ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የፈለገችውን ታድርግ፤ መስመሩ አይነካም። በኋላ የሚመጣው ጥላ ምንም ያህል ቢያምር መከተል የለም።

የግድግዳውን እብጠትና ስንጥቅ ማሳየት የፈለገ ደግሞ ፀሐይ ግድግዳውን ለቃ ልትሄድ ስትል ያለውን ሰዓት ይምረጥ። ለምሥራቁ ግድግዳ በመጋቢት ከ5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን እየታከከ ስለሚወርድ ከምርጊቱ የወጣች ገለባ ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። ክፉ ጎኑ በዚያ ሰዓት ሠዓሊውም ወረቀቱም ፀሐይ ላይ መሆናቸው ነው። ፀሐይ ያረፈበት ወረቀት ላይ የተቀባ ቀለም ሁሉ የበራ ይመስላል፤ ያንን ለማረም እጅ ያጠቁራል፤ ቤት ሲገባ ሥዕሉ ጨለማ ሆኖ ይገኛል። ወረቀቱ ጥላ ውስጥ መሆን አለበት። ጃንጥላ ከተያዘ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይና ሰማያዊ ጃንጥላ ወረቀቱን አብሮ ይቀባዋል።

ወደ ጥላው እንምጣ። ጀማሪ የበረንዳ ጥላ ሲያይ ጥቁር ያያል፤ ስልኩም ያንኑ ያረጋግጥለታል፣ የስልክ ካሜራ ለበራው ግድግዳ ሲያመቻች ጥላውን ይደፍነዋልና። (አዳዲሶቹ ስልኮች ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ጥላውን አንስተው ሁሉንም እኩል ያደርጉታል። ፎቶ ለንድፍ ይጠቅማል፣ ለቀለም ግን አላምነውም።) ቆም ብሎ ላየው የበረንዳ ጥላ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የሚያየው የግድግዳ ክፍል የሰማይን ብርሃን ስለሚቀበል ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከሥር፣ ወለሉ አጠገብ ያለው፣ ፀሐይ ካረፈበት መሬት ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላልና ይሞቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛው የበረንዳው ኮርኒስ ነው። ቁልቁል ወደ በራው ግቢ ስለሚያይ ከግድግዳው የላይኛ ክፍል ይልቅ ብሩህና ሞቃት ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ ብርቱካንማ ነው። ኮርኒሱን «ጣሪያ ስለሆነ ይጨልማል» ብሎ ያጠቆረ ሰው በረንዳውን ዘጋው።

ያ ከመሬት የሚነጥረው ብርሃን እንደ ወቅቱ ይለያያል። በበጋ ግቢው አቧራ ሲሆን የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ይመስላል። ክረምት ላይ ሣር ካለ አረንጓዴ ይነካዋል፣ ነጭ ኖራ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ጠቁሮ ብርሃኑን ስለሚውጠው የበረንዳው ሆድ ይቀዘቅዛል።

ይህን ሁሉ በሦስት ቅብ መሥራት አያስፈልግም፤ በሦስት ቅብ የተሠራ ጥላ ይሞታል። አንድ ሰፊ ቅብ ነው፤ ቀለሙ የሚለወጠው ቅቡ እርጥብ እያለ ነው። አልትራማሪን ብሉ (ጥልቅ ሰማያዊ) እና በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ፣ የወተት ያህል ውፍረት ሲኖረው ከላይ ይጀመራል። ወደ ታች ሲወርድ ሰማያዊው እየቀነሰ ሲየናው ይጨመራል፤ ወለሉ አጠገብ ንጹሕ የሎ ኦከር ጠብ ይደረግበታል። ኮርኒሱ በመጀመሪያ በኦከርና በትንሽ ሲየና ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ከግድግዳው ጥላ ጋር ጠርዙ ላይ እንዲገናኝ ይተዋል። ሰሌዳው 15 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ ጠብታው ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብሩሹ የሚያደርገው መንገድ ማሳየት ብቻ ነው። የተጠራቀመውን የመጨረሻ ጠብታ በተጨመቀ ብሩሽ ማንሳት ይገባል፤ ካልተነሳ ወደ ደረቀው ተመልሶ ጠርዙ የተሸረካከተ እድፍ ይተዋል። ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው። ግማሽ የደረቀ ጥላ ውስጥ ብሩሽ ይዞ መመለስ የአሮጌ ቤት ሥዕሎችን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ነገር ነው፤ ጥላው ውስጥ የሚገባው በርና መስኮት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል። መድረቁ የሚታወቀው በእጅ ጀርባ ሲነካ ቅዝቃዜ ሳይሰማ ሲቀር ነው።

አልትራማሪንና በርንት ሲየና የተመረጡት ግራጫ ስለሚሰጡ ብቻ አይደለም። አልትራማሪን ደቃቅ ፍሬው ወረቀቱ ጎድጓዳ ላይ ይረጋል፣ ሲየናው በበኩሉ ይለያያል፤ ሲደርቅ ጥላው ነጠብጣብ ያለው ሸካራ ይሆናል። ለጭቃ ግድግዳ ያለ ልፋት የሚገኝ ምርጊት ነው። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ቀለም ይህን አይሰጥም። ቅብ ሲደርቅ በግልጽ ስለሚነጣም እርጥቡ «ትንሽ በዛ» የሚያሰኝ ጥቁረት ሊኖረው ይገባል፤ እርጥብ ሆኖ ልክ የመሰለው ደርቆ ሲታይ የጭጋግ ቀን ነው።

ስለ ጠርዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙም አይነገርም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የምትሸፍን ክብ ስለሆነች ጥላ የሚጥለው ነገር በራቀ ቁጥር ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከክፈፉ የወረደው ጥላ ስለዚህ የተሳለ ጠርዝ አለው። ግቢው ዳር ካለ 15 ሜትር የራቀ ባሕር ዛፍ የመጣው ጥላ ግን ጠርዙ አንድ ስንዝር ሊሞላ ይችላል። የመጀመሪያው ደረቅ ወረቀት ላይ ይቀባል፤ ሁለተኛው ቀድሞ በንጹሕ ውሃ የረጠበ ቦታ ላይ። ሁለቱም እኩል ስለት ከተሰጣቸው ዛፉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ጥላው ሲወርድ የሚያገኘውን ሁሉ መከተሉም አይረሳ፤ የተከፈተ የመስኮት መዝጊያ ላይ ይሰበራል፣ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ የወጣበት ጋ ወደ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ማርጀቱን የሚናገረው ይህ ስብራት ነው፤ ከመቶ ስንጥቅ ይበልጣል።

ጣሪያው ሌላ ፈተና ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ከሞገድ ሞገድ 7.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ጣሪያ ላይ 130 ሞገድ ግድም አለ ማለት ነው። እነዚያን የሚያሰምር ሰው ቤት ሳይሆን ማበጠሪያ ይሥላል። መሣል ያለበት ቆርቆሮዎቹ የተደራረቡበት መጋጠሚያ ነው፤ በዚያው ርዝመት ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ፣ ብርሃን በሚያንጸባርቅበት፣ በደረቀ ብሩሽ ሞገዱን ማስታወስ። የሞገዱ መኖር በእርግጥ የሚታወቀው ክፈፉ ጫፍ ላይና ግድግዳው ላይ በሚጥለው የተጥመለመለ ጥላ ነው፤ እዚያ አንድ ሜትር ያህል በጥንቃቄ ከተሠራ የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ዝገትም ባገኘበት ቦታ ሁሉ አይወጣም። የሚጀምረው ዚንኩ በተነካበት ቦታ ነው፤ ሚስማር ዙሪያ፣ መጋጠሚያው ሥር፣ ውሃ በሚቆይበት የታችኛው ጫፍ። ከዚያ በጣሪያው ቁልቁለት አቅጣጫ ይፈሳል፣ ወደ ጎን አይሄድም። አሠራሩም ያንኑ ይከተላል፤ ጣሪያው መጀመሪያ በቀጭን ግራጫ ይቀባል፣ ገና እርጥብ ሳለ በርንት ሲየና በመጋጠሚያዎቹና በታችኛው ጠርዝ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ሰሌዳው ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ይዘነበላል። ያልዛገ ቆርቆሮ ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ከዝቅታ ሲታይ ከነጭ ግድግዳ ሊበራ ይችላል፤ «ጣሪያ ጠቆር ይላል» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። የዛገው ግን ሁልጊዜ ይጠቁራል።

ግድግዳው ራሱ ብዙ አይፈልግም። የበራ ነጭ ኖራ ወረቀቱ ነው፤ ቢበዛ በውሃ የበዛ የሎ ኦከር። ኖራው የረገፈበት ጭቃ ኦከርና ሲየና ነው፣ የረገፈው ጠርዝ ሥር ቀጭን ጥላ ይሰመርበታል፤ ብርሃኑ ከግራ ከሆነ የጉድጓዱ ግራ ጠርዝ ይጠቁራል እንጂ ቀኙ አይደለም። ይህችን የሚገለብጥ ሠዓሊ ጉድጓዱን እብጠት ያደርገዋል።

የበረንዳው ፍርግርግ በፊቱ ከበራ እንጨቱ አይቀባም፤ በመካከሉ ያለው ጨለማ ክፍተት ይቀባል። ከፍርግርጉ ሲሶው እንዲህ ከተሠራ ይበቃል፣ ሌላው በላዩ በሚያልፈው ጥላ ይዋጥ። እንጨቶቹ ነጭ ሆነው እንዲቀሩ ቀለም የሚከላከል ፈሳሽ የሚቀቡባቸው አሉ። እኔ ለውጭ ሥራ አልመክረውም፤ ደጅ ሙቀት ላይ የቆየ ፈሳሽ ወረቀቱ ላይ ይጋገርና ሲላጥ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። መስኮት ጥቁር አራት ማዕዘን አይደለም። የድሮ መስታወት ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ሰማይን ሰባብሮ ያሳያል፤ ከስድስቱ መስታወት አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር፣ ሌላው በካርቶን የተደፈነ ሊሆን ይችላል፣ እንዳሉ መውሰድ ነው።

ስለ ንድፉ አጭር ቃል። ተቀምጦ የሚሥል ሰው የዓይን ከፍታው ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ግድም ስለሚሆን ከዚያ በላይ ያሉት አግዳሚ መስመሮች ሁሉ ሲርቁ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በታች ያሉት ይወጣሉ። ቤቱ ካዘመመ ዝመቱ ይያዝ፤ ግን ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቀጥ ያለ ነገር፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የጎረቤት ሕንጻ ጠርዝ፣ አጠገቡ ይኑር። ያ ከሌለ ተመልካቹ ቤቱ ሳይሆን ሠዓሊው ነው ያዘመመው ይላል። ከትልቁ ሥዕል በፊት 7 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች የእርሳስ ሙከራ በሦስት ጥቁረት ብቻ ማድረግ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ሦስቱ እዚያ ካልተለያዩ በቀለም አይለያዩም።

ወረቀት ላይ መቆጠብ ኪሳራ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት እዚህ ገበያ ላይ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ብዙዎች ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያስቸግራሉ። ለዘመድ ሸክም እንዳይሆን 56 በ76 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሙሉ ወረቀት ማስመጣትና እዚህ ለአራት መክፈል ይሻላል፤ 28 በ38 ለደጅ ሥራ ምቹ ልክ ነው። ርካሹ የእንጨት ወረቀት ከላይ የተነገረውን አንዱንም አይችልም፤ ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን ያነሳዋል፣ ቴፑ ሲላቀቅ ይቀደዳል። ቀለም ላይ ግን መቆጠብ ይቻላል። አልትራማሪን፣ በርንት ሲየና፣ የሎ ኦከርና አንድ ቀይ ለዚህ ቤት ይበቃሉ። ሦስቱ ፀሐይ የማያነጣቸው ናቸው። ቀዩ ሲገዛ ቱቦው ላይ ፒአር 83 (PR83) የሚል ቁጥር ካለ መተው ነው፤ ያ የድሮው አሊዛሪን ክሪምሰን ነው፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይነጣል። ብሩሽ ሁለት፣ አንድ ቁጥር 12 ክብ ለቅቡ፣ አንድ ቁጥር 6 ለቀሪው።

በበጋ ከሰዓት የከተማው ደረቅ አየር ቅቡን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያደርቀው ሰፊው ጥላ መሐል ላይ ጠርዝ ይይዛል። የወረቀቱን ጀርባ በስፖንጅ አርጥቦ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጊዜ ይገዛል፤ ቀለሙን ቀድሞ በብዛት በጥብጦ ማስቀመጥም እንዲሁ፣ ጥላ መሐል ላይ ቀለም ካለቀ ጥላው አለቀ። ክረምት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ወረቀቱ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም እርጥብ ነው፤ ያኔ ትንንሽ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን እያፈራረቁ መሥራት ይሻላል።

ሥዕሉ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ግድግዳው የሚያይበት አቅጣጫ ይጻፍ። ቤቱ ነገ ላይኖር ስለሚችል፣ የትኛው ጎን በምን ቀለም ተቀብቶ እንደነበር ለሚጠይቅ ሰው ይህች መስመር ከሥዕሉ እኩል ታገለግላለች። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ሊሰርግ ይችላል፣ መጀመሪያ ብቅ የሚለውም ሳይቀባ በተተወው የበራ ግድግዳ ላይ ነው።